የስምንት ሰው ደስታ

እንድንደሰት የታዘዝነው በማስታወቂያ ነው። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ የካውያ ክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ፦ “ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሕይወቱ ያሉትን ሦስት መልካም ነገሮች በደብተር ላይ ያሰፍራል።” ከሥሩ የምትስቅ ፀሐይ ተሥላለች። ትእዛዝ መቼም ለምደናል። ደሜን ያፈላችው ፀሐይዋ ናት።

የሥራ ባልደረቦቼ “ክብሪት” ይሉኛል። አልቀየማቸውም፣ ስሙ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ክብሪት በገዛ እጁ አይነድም፣ የሚጭረው ሰው አለ።

ሥራችን የልብስ እጥበት ነው። የሁለት ሆስፒታልና የአምስት ሆቴል አንሶላና ፎጣ ቆሽሾ በጋሪ ይገባል፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶና ታጥፎ ይወጣል። እኔና ታላቅ እህቴ ካውያ ክፍል ነን፣ ከሌሎች ስድስት ሴቶች ጋር። ካውያ ስል የቤት ካውያ እንዳይመስላችሁ። የኛው ካውያ አልጋ የሚያህል፣ በእንፋሎት የሚግል፣ የሚሽከረከር ብረት ነው። ሁለት ሴቶች እርጥቡን አንሶላ ከግራና ከቀኝ ጫፉን ይዘው ያጎርሱታል። ብረቱ ይውጠውና በወዲያ በኩል ደርቆ ይተፋዋል፣ ሌሎቻችን እናጥፈዋለን። ከብረቱ አፍ ፊት ለፊት አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። እጅ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ማለት አለበት። የአንድን ሰው ጣት ከዚያ ብረት የሚያድነው እሱ ዘንግ ብቻ ነው።

እትዬ የምላት እህቴ አጉራሽ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አጉርሳለች። እኔ አጣፊ ነኝ፤ ትዕግሥት ስለሌለኝ ወደ ብረቱ አፍ አያስጠጉኝም።

ድሮ ከካውያው ጎን፣ ምስማር ላይ፣ የብልሽት መዝገብ ተንጠልጥሎ ነበር። እርሳሱ በክር ታስሮበታል። እንግዳ ድምፅ የሰማ፣ የላላ ነገር ያየ ይጽፋል፤ መካኒኩ ሲጠግን ይፈርምበታል። አዲሷ ኃላፊ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት መዝገቡን ከምስማሩ አወረደችው። በሁለት ጣቷ ነው የያዘችው፣ የሞተ አይጥ ይመስል።

“ውዶቼ፣ ቀናችንን በብልሽት አንጀምርም” አለችን። “አእምሮ የሰጡትን ነው የሚያበቅለው። ብልሽት ብልሽት ካልነው ብልሽት ያበቅላል። የተበላሸ ነገር ካለ በቃል፣ በቀና መንፈስ ትነግሩናላችሁ።”

ከዚያ በዚያው ምስማር ላይ ሌላ ደብተር ሰቀለች። ሽፋኑ ላይ ያችው ፀሐይ አለች።

የሆነ ቦታ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ መጥታ ነው አሉ። ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን በአፍንጫ እንስባለን፣ በአፍ እናስወጣለን። የምንስበው የበረኪናና የእንፋሎት አየር ነው። “ፈገግ በሉ! ፈገግታ ልምድ ነው!” ትላለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ “ፈገግ በሉ” ሆኖ ቀረ። ፈገግ በሉ መጣች፣ ፈገግ በሉ ሄደች። ፈገግ በሉ የማሽኑን ፍጥነት ጨምሩ አለች።

ለደብተሩ የተሰጠን ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ነው። ስምንት ሴት፣ አንድ ደብተር፣ ዐሥር ደቂቃ። ሁለቱ መጻፍ አይችሉም፣ አንዷ መነጽሯን ቤት ትረሳለች፣ እትዬ ደግሞ ፊደል ስትጽፍ ጥልፍ የምትጠልፍ ነው የሚመስላት፣ አንድ መስመር ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ደብተሩ ካልሞላ ደግሞ ማሽኑ አይነሣም፣ ማሽኑ ካልተነሣ የቀኑ ቁጥር አይሞላም፣ ቁጥሩ ካልሞላ ፈገግ በሉ ፈገግታዋን ትረሳለች። ስለዚህ እኔ ተነሣሁ። “አምጡት፣ እኔ እደሰትላችኋለሁ!” አልኩ። ሳቁ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። እጄ ፈጣን ነው። ለስምንት ሰው ሦስት ሦስት፣ በቀን ሃያ አራት መልካም ነገር። መጀመሪያ በየቀኑ ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ባንድ ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ። የስድስት ቀን ደስታ፣ መቶ አርባ አራት መስመር፣ ሻይ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ። እነሱ ቅዳሜ ሳያነቡ በተርታ ይፈርማሉ።

ምን ጻፍኩ? ንዴቴን ጻፍኩ፣ በደስታ ቋንቋ። “ዛሬ ካውያው እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘን።” “ማሽናችን ጤነኛ ነው፣ ከኛ ይልቅ።” “ምንም የተበላሸ ነገር የለም፣ ክብር ለኃላፊያችን።” “ዘንጉም ብረቱም በፍቅር አብረው ይኖራሉ።” ሴቶቹ ሳነብላቸው አንሶላ አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ። ፈገግ በሉ ግን አሽሙሩ አልገባትም። ገጹን ፎቶ አንሥታ ለበላዮቿ ላከች። “የካውያ ክፍል በቀና አስተሳሰብ አንደኛ” ተብሎ ወረቀት መጣልን። ያን ቀን እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅሁት።

እትዬ ብቻ አልሳቀችም። እሷ ነገሩን ከምር ወስዳዋለች።

እኔና እሷ የምንኖረው አንድ ላይ ነው፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጅ የላቸውም። እሱ ከሞተ በኋላ ከሥራ ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፤ ብዪ ብዪ ብላት ሁለት ጉርሻ፣ ተናገሪ ብላት “ደክሞኝ ነው”። ምን ያላደረግሁት አለ? ቆጥቻታለሁ፣ ለምኛታለሁ፣ አልቅሼባታለሁ። እንደ ድንጋይ ዝም። ያቺ ኃላፊ ፀሐይዋን ይዛ ከመጣች በኋላ ግን እህቴ ከሱቅ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝታ ገባች። ማታ ማታ እግሯን ትታጠባለች፣ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ አውጥታ ሦስት መስመር ትጽፋለች። አንድ ቀን ሳታቋርጥ።

በወሩ ፊቷን ከግድግዳው አዞረች። በሁለተኛው ወር ስታንጎራጉር ሰማኋት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ አረረ። የኔ ሁለት ዓመት ልመና ያላነሣትን የዚያች ሴት ቲያትር አነሣት! “ምኑን ነው የምትጽፊው?” እላታለሁ። “ያየሁትን ነው” ትለኛለች። “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!” እላታለሁ። “ገደሉንም አያለሁ እኮ” ትላለች፣ ቀስ ብላ። ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም።

አደጋው የደረሰው ሐሙስ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ ነው። የሆስፒታል አንሶላ ነበር የምንተኩሰው። እኔ ከወዲያ በኩል ቆሜ የሚወጣውን እጠብቃለሁ። አንሶላው መጣ፣ መጣ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ተጨማደደ። በመጀመሪያ የሰማሁት የሌላኛዋን አጉራሽ ጩኸት ነው። እትዬ አልጮኸችም። ሮጬ ቀዩን የማጥፊያ ቁልፍ ስመታው ብረቱ ቆመ፣ እጇ ግን ውስጥ ነው። መካኒኩ መጥቶ በእጅ ወደኋላ እስኪያዞረው ድረስ ምን ያህል ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። እህቴ ዓይኔን እያየች “አትጩኺ፣ አትጩኺ፣ አለሁ” ትለኛለች። የምጮኸው እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ዘንጉን ነክታዋለች። በክንዷ ተደግፋበታለች እንጂ መንካት ብቻም አይደለም። አልቆመም።

ሐኪሙ አልዋሸንም። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ሄደዋል። አውራ ጣቷና ሌሎቹ ሁለቱ ይድናሉ፣ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ቆዳው እየተኮማተረ እጇን ጨብጦ ያስቀረዋል። ይሄ ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሌላ ሆስፒታል ነው፣ የሚፈቅደውም የድርጅቱ መድን። “ፈቃዱን ቶሎ አምጡ” አለን። ቀኝ እጇ ነው። የምትጽፍበት፣ የምትሠራበት፣ ራሷን የምታጎርስበት።

ፈገግ በሉ አበባ ይዛ መጣች። “ከክፉ ነገር ውስጥ እንኳን መልካም ይወጣል፣ እናቴ” አለቻት። ከአልጋው ማዶ ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ። እትዬ አመሰገነቻት። አመሰገነቻት!

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ቃሉን አልረሳውም፦ “ሠራተኛዋን ጨምሮ የክፍሉ ሠራተኞች ለአራት ተከታታይ ወራት በገዛ ፊርማቸው ማሽኑ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደነበረ ያረጋገጡ በመሆኑ፣ አደጋው በሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ መሆኑ ታምኖበታል።” ስለዚህ መድኑ አይመለከተውም። ስለዚህ ፈቃድ የለም። ቅሬታ ካለን ማክሰኞ የመድኑ መርማሪ ባለበት ይሰማል።

ከደብዳቤው ጋር የደብተሩ ቅጂ ተያይዟል። የጻፍኩት ሁሉ። “ማሽናችን ጤነኛ ነው።” “ዘንጉም ብረቱም በፍቅር አብረው ይኖራሉ።” ከሥሩ የእህቴ ፊርማ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እያለፈ ያየኛል። ያቺን ሴት መስደብ ጀመርኩ፣ ግን ቅጂው እጄ ላይ ነው። የማንን ጽሑፍ ይዛ ነው የመጣችው? ቀልድ መስሎኝ በእህቴ እጅ ላይ በገዛ እጄ ፈርጄበታለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፣ የበላችው አይጥ እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን በማንም ላይ ተናድጄ አላውቅም፣ በፈገግ በሉም ቢሆን።

ስገባ እትዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በነጭ ተጠቅልሏል።

“መጣሽ? ደብተሬን አምጪልኝ ብዬሽ እኮ ነበር” አለች። “ዘጠኝ ቀን አመለጠኝ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊልኝ።”

“አልጽፍም!” ጮህኩ። የጎን በሽተኛዋ ብርድ ልብሷን ወደ ላይ ሳበች። “ምን ቀርቶሽ ነው የምታመሰግኚው? ሁለት ጣት ቀነሱብሽ፣ ሦስቱን ደግሞ ይሄው በደብዳቤ ሊወስዱት ነው! ምስጋናሽ ነው የበላሽ፣ ሰማሽ? ምስጋናሽ!”

ደብዳቤውን ተቀብላ በግራ እጇ ይዛ፣ ቀስ ብላ አነበበችው። ሁሉንም አነበበችው፣ የኔንም ጽሑፍ። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። 

“ደብተሬን አምጪልኝ” አለች መጨረሻ ላይ። “አትጻፊ እሺ። ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።”

ቤት ሄድኩ። ደብተሩ መስኮቱ አጠገብ ነው። አልከፍተውም ብዬ ነበር። ቆሜ ከፈትኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩ።

የእህቴ ፊደል ትልልቅ ነው፣ ሁለት መስመር ይዞ ይቆማል። “ዛሬ ዝናብ ሳይመጣ ቤት ደረስኩ።” “ሽንኩርት ሻጯ ልጇን አሳየችኝ።” እንዲህ፣ እንዲህ። ቅጠሉን እየገለጥኩ ሄድኩ። ከዚያ አንዱ ገጽ ላይ ዓይኔ ተተከለ።

“ዛሬ ዘንጉን ብነካው ማሽኑ አልቆመም። እጄን ቶሎ ሳብኩት። ዐሥሩም ጣቶቼ አሉ፣ ተመስገን። ለመካኒኩ ነገርኩት። ‘እሺ እናቴ፣ አየዋለሁ’ አለኝ። እናቴ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አገኘሁ።”

ቀኑ በግልጽ ተጽፏል። ከአደጋው ሦስት ወር በፊት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፦ “ዘንጉ ዛሬም እንቢ አለ። መካኒኩ ሥራ በዝቶበት እንኳን ቆሞ ሰማኝ። አክባሪ ልጅ ነው።” ከዚያ በኋላ፦ “ለኃላፊዋ ስለ ዘንጉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ትከሻዬን አቅፋ ‘ቀና ቀናውን እናስብ፣ እናቴ’ አለችኝ። ሽቶዋ ደስ ይላል።” ከዚያም፦ “ስለ ዘንጉ ለመካኒኩ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኩት። አፍሮ አንገቱን ደፋ። የሚያፍር ሰው ጥሩ ሰው ነው።”

እኔ የብልሽት መዝገቡን ወሰዱብን እያልኩ አራት ወር ሙሉ ስቀልድ፣ እህቴ እዚህ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ ብልሽቱን ስትመዘግብ ኖራለች። ቀን በቀን፣ ከነሰዓቱ፣ ከነመልሱ። የነገሩን ደግ ደጉን እየፈለገች ስትጽፍ እውነቱን አንዲት ነቁጥ አላስቀረችም። ውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ነገር ይገባኛል ባይዋ። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ “እህቴ ዛሬም የስምንታችንን ጻፈችልን። አፏ እንጂ ሆዷ ደግ ነው።” ደብተሩን ወለሉ ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አነሣሁት፣ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግሁት።

ሆስፒታል ይዤው ሄጄ ማክሰኞ ለመርማሪው ላነበው ነው ስላት፣ እትዬ ግን እንቢ አለች።

“የምስጋና ደብተር ነው” አለች። “አመስግኜ የጻፍኩትን ወረቀት ሰው ልትከሺበት? መካኒኩ ሦስት ልጅ አለው።”

“አንቺ ደግሞ አንድ እጅ ነው ያለሽ!”

“አታነቢውም።”

“አነበዋለሁ።”

“አንቺ ልጅ፣ አታንብቢው ብዬሻለሁ!”

በሕይወቴ እህቴን እንቢ ያልኳት ብዙ ጊዜ ነው፣ የሰረቅኳት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት ስብሰባው የተደረገው ፈገግ በሉ ቢሮ ውስጥ ነው። በካውያ ክፍሉ ሳልፍ ካውያው ላይ አዲስ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ አየሁ፦ “ጥንቃቄ፣ እጅ ይይዛል።” ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። የመድኑ መርማሪ ሸምገል ያለ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነው። መካኒኩ በር አጠገብ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። ፈገግ በሉ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፣ ፀሐይዋ ወደኔ ዞራለች።

“አራት ወር ሙሉ አንድም ቅሬታ የለም” አለች ለመርማሪው። “እርስዎም እንደሚያዩት፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው የመሰከሩት።”

“ብዕር ስጡኝ” አልኩ።

መርማሪው የራሱን ሰጠኝ። ወረቀት ስቤ “ማሽናችን ጤነኛ ነው፣ ከኛ ይልቅ” ብዬ ጻፍኩና ከደብተሩ ጎን አስቀመጥኩት። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ፣ ገጽ ገለጠ፣ ሌላ ገጽ ገለጠ።

“ሁሉም የርስዎ ጽሑፍ ነው?”

“የስምንት ሰው ደስታ በሙሉ የኔ ነው። ሰኞ ሰኞ ለሳምንቱ ነበር የምጽፈው። ረቡዕ ደስ እንደሚለን ሰኞ አውቅ ነበር። አደጋው የደረሰባት ሐሙስ ነው፤ እስቲ ሐሙስን ይግለጡት።”

ገለጠው። በእህቴ ስም የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበው፦ “ዛሬ እጆቼ ዕረፍት አገኙ።”  እኔም እንዲህ ብዬ መጻፌን ረስቼው ነበር። 

ፈገግ በሉ ቀድማ ነቃች። እስከዚያ ቀን “አንቺ” ትለኝ የነበረች ሴት አንቱ አለችኝ። “እንግዲህ ሰነድ ማጭበርበርዎን በራስዎ አፍ አምነዋል። ይሄ የሚያሰናብት ጥፋት ነው።”

“ይሁና! ያሰናብተኝ!” ጠረጴዛውን መታሁት። “ግን መጀመሪያ ይሄን ስሙ። ይሄ ደግሞ የእህቴ ነው፣ በገዛ እጇ የተጻፈ፣ እጅ በነበራት ጊዜ።”

አነበብኩ። ልጮህበት ነበር ያሰብኩት፣ ግን የእትዬ ቃል አይጮኽም። “እናቴ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አገኘሁ” ስል መካኒኩ ኮፍያውን ማዞር አቆመ። “አክባሪ ልጅ ነው” ስል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። “የሚያፍር ሰው ጥሩ ሰው ነው” የሚለው ላይ ስደርስ “በቃ” አለ።

“በቃ፣ እባክሽ” አለ። ከዚያ ለመርማሪው፦ “ነግረውኛል። ሦስቴም ነግረውኛል። እናቴ እያልኩ ነው የሸኘኋቸው። የዘንጉ ማቆሚያ ዝጓል፣ ለመቀየር ማሽኑ አንድ ሙሉ ቀን መቆም አለበት። ለኃላፊዋ አመልክቼ ነበር። ‘አንድ ቀን አናቆምም፣ በዚህ ወር አንደኛ ነን’ ተባልኩ።”

ፈገግ በሉ የፀሐይዋን ደብተር ዘጋችው። ከሥልጠናው ለዚህ የሚሆን ቃል የተማረች አይመስለኝም።

መርማሪው ለረጅም ጊዜ ጻፈ። መጨረሻ ላይ “የማሽን ብልሽት” የሚሉትን ሁለት ቃላት አሳየኝ። የቀዶ ሕክምናውን ፈቃድ ከሰዓት በኋላ እንደሚልክ ነገረኝ። የኔ የስንብት ደብዳቤ ከሱም ቀደመ፤ ከቢሮው ሳልወጣ ታትሞ ተሰጠኝ። የሥራ ልብሴን አውልቄ ወንበሯ ላይ ጣልኩትና ወጣሁ። አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ በእግሬ ነው የሄድኩት። እየሄድኩ ለእህቴ የምነግራትን አዘጋጅቻለሁ፤ ፈቃዱ መጣ እላታለሁ፣ እጅሽ ይዘረጋል እላታለሁ፣ ታቅፈኛለች። እንደገባሁ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች።

“ደብተሬን።”

ሰጠኋት። ደረቷ ላይ አደረገችው። ፊቷ ተለዋወጠ። እህቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፣ ባሏ የሞተ ቀንም።

“ማን ፈቀደልሽ?” አለች። “ማን ፈቀደልሽ ነው የምልሽ! የኔ የሆነ አንድ ነገር ነበረኝ። አንድ! እሱንም ጠረጴዛ ላይ አውጥተሽ አሰጣሽው። ያ ሰውዬ አሁን ዓይኔን እንዴት ያየዋል? እኔስ ነገ ምን ብዬ ነው የምጽፈው፣ ማን ያነበዋል እያልኩ?”

“እትዬ፣ እጅሽ እኮ ነው…”

“እጄ! አሁን ነው እጄ የታየሽ?” እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም። የተጠቀለለውን እጇን ወደኔ አነሣችው። “ስንት ጊዜ ተናገረች አልሽ? ስንት ቆጠርሽ?”

“አራት። መካኒኩን ሦስቴ፣ ኃላፊዋን አንዴ።”

“አምስት ነው።”

ደብተሩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፣ አልሰጠችኝም።

“አምስተኛውን አታገኚውም፣ አልጻፍኩትም” አለች። “ያን ቀን ምንም መልካም ነገር ፈልጌ አጣሁበት። አደጋው የደረሰ ሳምንት፣ ሰኞ፣ ሻይ ሰዓት ላይ ነው። አጠገብሽ መጥቼ፣ ‘እባክሽ ስለ ዘንጉ አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ ፈርቻለሁ’ አልኩሽ። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ ነው። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?”

አላስታወስኩም። ከዚያ አስታወስኩ። ቀና ብዬ እንኳን አላየኋትም ነበር፣ እየጻፍኩ ነው የመለስኩላት።

“‘የዚህን ሳምንት ጨርሻለሁ፣ እትዬ’ አልሽኝ” አለች። “‘ፍርሃትሽን ለሚቀጥለው ሰኞ አቆዪልኝ።’ ሁሉም ሳቁ።”